ይስማ ንጉሥ

ከደሴ ተነሥቶ የሐይቅን ውሃ አልፎ ወደ ወልድያ የሚያቀና መንገደኛ፣ የአምባሰል ተራሮች በላዩ እየከበዱ፣ መንገዱም እየተጠማዘዘ ወደ ውጫሌ ሲያደርሰው፣ ከከተማይቱ ብዙ ሳይርቅ ይስማ ንጉሥ የሚባል ስፍራ እንዳለ ይነገረዋል። ስሙ ከምን እንደ መጣ መተረክ የአገሩ ሽማግሎች ድርሻ ነውና በዚያ አልገባም፤ ነገር ግን ቃሉን እንደ ተነገረ ለሚሰማው ሰው አገባቡ ያስደንቃል። ሰዋስው የተማረ እንደሚያውቀው «ይስማ» ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ ታዛዡም ንጉሥ ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል እየሰማ ባደገ ሕዝብ መካከል፣ ንጉሥን ስማ ብሎ የሚያዝ አንድ ቍራሽ መሬት ተገኘ ማለት ነው። አዛዡ ማን እንደ ሆነ ግን ስሙ አይናገርም። ምናልባት ባላገር ነው፤ ምናልባትም መሬቱ ራሱ ነው።

በዚህ ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ በታሪክ የውጫሌ ውል የተባለውን ቃል ኪዳን ተፈራረሙ። ውሉ 20 አንቀጽ ነበረው፤ ከእነዚህም ውስጥ ዛሬ ከታሪክ ተማሪ በቀር አብዛኛውን የሚያስታውስ የለም። 17ኛውን ግን ፊደል የቈጠረ ሁሉ ያውቀዋል። የአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን እንዲህ ለማድረግ ተስማምተዋል ብሎ ፈቃዱን ወደ ግዴታ አዞረው። ሮማም በዚህች በአንዲት ግሥ ተመርኵዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥላ ሥር ናት ብላ ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ነገሩን ሲረዱ ተቃወሙ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን መሻራቸውን አስታወቁ፤ የተቀረው ክርክር የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተራሮች ላይ ተፈረደ፤ በ1889 ዓ.ም. ጥቅምት አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውልም የውጫሌው ቃል ፈርሶ የኢትዮጵያ ፍጹም ነጻነት ታወቀ።

ይህን ሁሉ አንባቢዬ ያውቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ከታሪኩ ይልቅ ምሥጢሩ ነው። ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር ተፋቅረው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ደብዳቤያቸውን ሁሉ በሮማ በኩል ልከው ቢሆን ኖሮ፣ በአማርኛውም ትርጉም ሆነ በኢጣልያንኛው ደብዳቤው ያው ደብዳቤ፣ መርከቡም ያው መርከብ፣ መልሱም ያው መልስ በሆነ ነበር። ውጭ ቆሞ የሚያይ ሰው በሁለቱ መካከል ቅንጣት ልዩነት አያገኝም። ታዲያ ያን ያህል ሺህ ሰው በዐድዋ የወደቀው ስለ ምንድር ነው? ልዩነቱ በግብሩ ሳይሆን በግብሩ ባለቤት ላይ ስለ ነበረ ነው። አንድ ሰው ወድዶ የሄደበትና ተነድቶ የሄደበት መንገድ በእግሩ ሲለካ እኩል ነው፤ በሕሊናው ሲለካ ግን አንዱ ጕዞ፣ ሁለተኛው ምርኮ ነው። ራስን በራስ መወሰን ብለን ዛሬ በረጅም ስም የምንጠራው ነገር ከዚህች ከ«ይቻላቸዋል» ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይገኛል፤ ከዚህች ከወጣ ደግሞ የትም አይገኝም።

ነገር ግን ነገሩን እዚህ ላይ ትቶ በዐድዋ ድል መመካት ቀላል ነው፤ ቀላልም ስለ ሆነ ብዙዎቻችን እዚያው ቀርተናል። ውሉ የተፈረመበት ዘመን ክፉ ቀን የሚባለው ዘመን መሆኑን የምናስብ ጥቂቶች ነን። በምፅዋ በኩል ለኢጣልያ ጦር ተብለው ከመጡ ከብቶች ጋር ገባ የሚባለው የከብት ወረርሽኝ፣ ማን እንደ ሰየመው እንጃ፣ ስሙ «ደስታ» የሆነው ያ በሽታ፣ የገበሬውን በሬ በቀንበር ሥር እየጣለ ነበር። የንጉሡ ድንኳን በተተከለበት ቀዬ የነበረው ገባር ለሠራዊቱ ድርጎ የሚያቀርበው፣ እንጨት የሚሸከመው፣ እህሉን የሚያወጣው ይቻለው እንደ ሆነ ማንም ጠይቆት አይደለም። ለንጉሡ የተጻፈው አንቀጽ በሁለት ቋንቋ ሁለት ትርጉም ነበረው፤ ለገባሩ ግን የተጻፈው ሁሉ፣ በአማርኛ ሲነበብ እንኳ፣ የኢጣልያንኛው ትርጉም ነበር።

በዚህ ነገር አምባሰልን ከሌላው አገር ለይቼ መክሰሴ አይደለም። አምባሰል እንዲያውም ራሱን የቻለ ማዕርግ የነበረው አገር ነው፤ ገዢው እንደ ሌላው ሁሉ ደጃዝማች ወይም ፊታውራሪ ብቻ ሳይሆን ጃንጥራር ይባል ነበር፤ ከዚያም ቤት እቴጌ መነን ተወልደዋል። የአንድ አገር ገዢ ራሱን ማስከበሩ ግን በሥሩ የሚያርሰው ሰው ራሱን ማስከበሩ አይደለም። ይህን ሁለት ነገር አንድ አድርጎ መቍጠር የጥንት መሳፍንት ስሕተት ብቻ መስሎ ይታየኝ ነበር፤ ኋላ ግን በእኛም ዘመን ሕግ ውስጥ አገኘሁት። በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ39ኛው አንቀጽ ራስን በራስ የመወሰንን መብት እስከ መገንጠል ድረስ ለብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሰጠ፤ በ40ኛውም መሬት የመንግሥትና የእነዚሁ ሕዝቦች የጋራ ሀብት ነው አለ፤ ለገበሬውም ያለ ክፍያ መሬት የማግኘትና ከይዞታው ያለመነቀል መብት አለው ሲል ጨመረ። መልካም ነው፤ አንብቤም አልከፋኝም። ይሁን እንጂ ስለ መንደር፣ ስለ ጎጥ፣ ስለ አንድ ቀዬ ሰዎች ፈቃድ ስፈልግ ያገኘሁት ጥቂት ነው፤ ፈቃዱ ለትልቁ ስም ተሰጥቶ፣ ስሙን የተሸከመው ሰው ከደጅ ቀርቷል።

በዓለም ላይ ግን የቀዬ ሰዎች ነገር መነሣት ከጀመረ ሰነበተ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2007 እ.ኤ.አ. ስለ ነባር ሕዝቦች መብት ባወጣው መግለጫ 144 መንግሥታት ሲደግፉ አራት ተቃውመዋል፤ አራቱም አሜሪካ፣ ካናዳ፣ አውስትራልያና ኒውዚላንድ ነበሩ፤ ነባሩን ሕዝብ ገፍቶ በመሬቱ ላይ ማደር ምን እንደ ሆነ ከሌላው ይልቅ እነርሱ ያውቃሉና አያስደንቅም። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የኢኳዶር ሰዎች በአዲሱ ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ከኪችዋ ቋንቋ «ሱማክ ካውሳይ» የሚል ቃል አገቡ፤ ከምድር ጋር ተስማምቶ በመልካም መኖር ማለት ነው። ይህን ስሰማ አስቀድሞ የመጣብኝ አሳብ ቅናት ነበር፤ ቀጥሎ ግን እኛስ ለዚህ ቃል አጥተናልን? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ።

አላጣንም። የወሎ ሰው እህሉን ከአውድማ ሲያነሣ የሚመኘው ብዛትን ሳይሆን በረከትን ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ ቃል ይመርቃሉ፤ ዱዓው ሲደረግም ጸሎቱ ሲደረስም መጨረሻው እርሱ ነው። በረከት ከምርት ይለያል። ምርት በቍና ይለካል፤ በረከት ግን እህሉ ለማን እንደ ደረሰ፣ ጎረቤት ቀምሶት እንደ ሆነ፣ የኔ ቢጤው በደጅ ቆሞ ባዶ እጁን እንዳልተመለሰ አይቶ የሚፈረድ ነገር ነው። ብዙ አምርቶ በረከት ያጣ ቤት አለ፤ ጥቂት አምርቶ በረከት ያደረበት ቤት አለ። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን ቃል ወደ ቍጥር ሊመልሱት አይችሉም፤ ባይሞክሩትም ይሻላቸዋል። እኔ ግን በመሬት ላይ በመልካም መኖር ማለት ምን ማለት ነው ተብዬ ብጠየቅ፣ በረከት ያለው እህል በልቶ በሚያውቁት ሰዎች መካከል መቀበር ነው ከማለት የተሻለ መልስ የለኝም።

መቀበርን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ነባር ማነው? መጤስ ማነው? የሚለው ጥያቄ በዘመናችን ደም ያፈሰሰ ጥያቄ ስለ ሆነ፣ በሐይቅ ዳር ቆሞ የሚመልሰው ሰው ምን ሊል እንደሚችል ማሰብ ይገባናል። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት የትምህርት ምንጭ ያደረጉት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ተወላጅነታቸው ከዳህና፣ ምንኵስናቸው ከደብረ ዳሞ ነው፤ ሐይቅ ለእርሳቸው የእንግድነት አገር ነበር፤ በእግራቸው ሥር ተምረው የወጡት እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። ዙሪያውን ብንመለከት ወረባቦ፣ ወረኢሉ፣ ወረሂመኖ የሚሉ ስሞች እናገኛለን፤ «ወረ» በኦሮምኛ የእገሌ ቤት፣ የእገሌ ወገን ማለት ነውና፣ ከ16ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የመጡ ጎሣዎች ስማቸውን በምድሪቱ ላይ ጽፈውባት ራሳቸው ግን በአማርኛዋ ተዋጡ። አንዱ ወንድም በመስጊድ፣ ሌላው በቤተ ክርስቲያን የሚገኝበት ቤት በወሎ እንግዳ ነገር አይደለም። ሌላው ቀርቶ በደሴ ገበያ የሐይቅ ዓሣ ተብሎ የሚሸጠው ቆሮሶ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከሌላ ውሃ መጥቶ በሐይቁ የተለቀቀ ነው። ዛሬ ዓሣውን መጤ የሚለው አላየሁም።

ታዲያ በዚህ አገር ነባርነት በምን ይታወቃል ቢሉ፣ እንደ እኔ አስተያየት በቅሬ ይታወቃል። ቅሬ የወሎ ሰው በሌላ አገር ዕድር የሚባለውን የሚጠራበት ስም ነው፤ ሰው ሲሞት የሚቆፍር፣ አስከሬን የሚሸከም፣ ለቅሶ የሚቀመጥ፣ ሐዘንተኛውን የሚያበላ ኅብረት ነው፤ በብዙ ቀዬም እስላሙንና ክርስቲያኑን በአንድነት ይይዛል። በቅሬ ሸንጎ ፊት የቆመ እንግዳ የአያትህ አያት ማነው ተብሎ አይመረመርም፤ የሚጠየቀው የሌላውን ሬሳ ትሸከማለህን? ነው። እሸከማለሁ ብሎ የተሸከመ ሰው ነባር ነው። ደም ወደ ኋላ ይቈጥራል፤ ቅሬ ወደ ፊት ይቈጥራል። ሕግ አውጪዎች ይህን ብልሃት ከገበሬው ቢማሩ ኖሮ ብዙ መከራ በቀረልን ነበር፤ ይሁንና ሕግ አውጪ ከገበሬ ግብር እንጂ ትምህርት ሲቀበል አልታየም።

መሬቱን ራሱን ብንመለከት የጥንቱን ርስትና ጉልት አሳምሬ ለመናገር አልነሣም። ርስት ለባለ ርስቱ ክብር ነበር፤ የጭሰኛው ዕጣ ግን ሌላ ነበር፤ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በረኀብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ለመሸፋፈን መሞከሩም የሚካድ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለሕዝብ ሀብትነት በታወጀ ጊዜ ጭሰኛው እልል ያለው በእውነት ነው፤ እኔም በዚያ እልልታ አልሳለቅም። ነገር ግን ከባለ ጉልቱ የተነጠቀው ሥልጣን ወደ አራሹ እጅ ሳይደርስ ሌላ ጌታ አገኘ። ለዚህ ማስረጃ የሚሆነኝ የዛፉ ነገር ነው። በደርግ ዘመን የወሎ ተራራ እንዲለብስ ተብሎ በዘመቻ፣ በእህል ክፍያ፣ በትእዛዝም ዛፍ ተተከለ፤ እርከን ተሠራ፤ የግጦሽ መሬት ተከለለ። ሥራው በራሱ መጥፎ አልነበረም፤ የተራራው መራቆት ዐይን ያለው ሁሉ የሚያየው ነበርና። በ1983 ዓ.ም. ያ መንግሥት ሲወድቅ ግን በብዙ ስፍራ ያ ዛፍ በአጭር ጊዜ ውስጥ ወደቀ፤ የቈረጡትም የተከሉት እጆች ነበሩ። የከተማ ሰው ይህን ድንቍርና ይለዋል። እኔ ግን የ17ኛው አንቀጽ ነገር ሁለተኛ ጊዜ የተፈረደበት ቀን ይመስለኛል፤ ገበሬው በተከለው ዛፍ ላይ ስላልተጠየቀ ዛፉ የእርሱ አልነበረም፤ የእርሱ ያልሆነውንም ጠባቂው ሲሄድ ከሥሩ አነሣው።

ያ ገበሬ ማሰብ የማይችል ሰው አለመሆኑን ለማወቅ የሚፈልግ ደሳለኝ ራህመቶ ስለ አምባሰል ገበሬዎች የጻፉትን ያንብብ። ሊቁ በ1977 ዓ.ም. የነበረውን ረኀብ መርምረው በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የአምባሰል ሰው የመንግሥትን እህል ሳይጠብቅ ምግቡን በመቀነስ፣ በዘመድና በጎረቤት በመደጋገፍ፣ ያለውን ጥሪት በማሰብና በቅደም ተከተል በመሸጥ እንዴት እንደ ታገለ አሳይተዋል። ረኀብን የተቃወመው በሥርዐትና በአሳብ ነበር። በዚያው በ1977 ዓ.ም. ግን በመንግሥት ጽሕፈት ቤት የሚታየው ይህ ሰው ሳይሆን ከአንድ ስፍራ ተነቅሎ በሌላ ስፍራ የሚተከል ራስ ነበር።

የሰፈራው ነገር እንዲህ መጣ። በ1977 ዓ.ም. እና በተከታዩ ዓመት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ አብላጫውም ከወሎ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ጋምቤላና ወደ ጎጃም ተጋዘ። ለም መሬት አለ፤ ዝናብ አለ፤ በሬ ይሰጣችኋል ተባለ። የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ናቡቴን ሳያስብ አያልፍም። አክዓብ ከናቡቴ ወይን ቦታ ይልቅ የሚበልጥ ወይን ቦታ ልስጥህ፣ ብትወድም በገንዘብ ልግዛው ብሎ ነበር፤ በገበያ ሕግ ያ ንጉሥ ደግ ነው። ናቡቴ ግን የአባቶቼን ርስት አልሰጥም አለ፤ የሚሻል መሬት ማለት ለእርሱ ትርጉም አልነበረውም፤ መሬት ለርሱ አባቶቹን የሚያስታውስበት መጽሐፍ እንጂ ዋጋ ያለው ዕቃ አልነበረምና። አክዓብም ቢያንስ ጠይቆ ነበር። ኋላ የናቡቴ ሞት ደብዳቤ በሚስቱ በኤልዛቤል እጅ ተጽፎ በንጉሡ ማኅተም ታተመ እንጂ፣ መጀመሪያው ጥያቄ ነበር።

ለሐሰት ላለመተባበር ይህንም ልጨምር፤ ከሰፋሪዎቹ መካከል በገዛ ፈቃዱ የሄደ አልነበረም አልልም፤ ልጁ በእቅፉ እየሞተበት የሄደውን ሰው ለምን ሄድህ የሚለው ማነው? ነገር ግን ከገበያ ተይዞ፣ ከእርዳታ እህል ማደያ ተለቅሞ፣ ሚስቱን ሳይሰናበት የተጫነም ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ አንቶኖቭ አውሮፕላን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዱን ሰማይ አብረው አልፈው፣ በአንድ ጫካ ወርደዋል። አንደኛው «ይቻለዋል» ተብሎ፣ ሁለተኛው «ግድ ነው» ተብሎ። ስለ መርከቡና ስለ ደብዳቤው የተናገርሁትን አንባቢዬ እዚህ ላይ ያስታውስ።

በወለጋ የወረዱት ከነሕመማቸውና ከነናፍቆታቸው ጫካውን መነጠሩ፤ አረሱ፤ ወለዱ፤ ከጎረቤታቸው ኦሮሞ ጋር ተዋለዱ፤ ቅሬያቸውንም ይዘው ሄደው ነበር። የልጅ ልጆቻቸው ወሎን በወሬ ብቻ ያውቁ ነበር። ከዚህ በኋላ የመጣውን ለመጻፍ ብዕሬ ይከብደኛል። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ በጊምቢ ወረዳ በቶሌ ታጣቂዎች በመቶዎች የሚቈጠሩ ሰዎችን ፈጁ፤ ከተገደሉት ብዙዎቹ የእነዚያ የወሎ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ። ከዚህ በፊትም ከዚህ በኋላም በሌሎች ቀበሌዎች ተመሳሳይ መከራ ሆኗል፤ ያመለጠውም መጤ ነህ ተብሎ ወደማያውቀው የአባቶቹ አገር ሸሽቷል። ሲሄድ ማንም አልጠየቀው፤ ሲመለስም ማንም አልጠየቀው። በዚህ ነገር የወለጋው ባላገርም ተጠያቂ አይደለም፤ እርሱም በሜዳውና በጫካው ላይ እንግዳ ሲሠፍርበት እሺ በል እንኳ አልተባለም ነበርና። አንድ መንግሥት ሁለት ሕዝብን ሳይጠይቅ አንድ ስፍራ ላይ አገናኛቸው፤ ሳይጠየቁ የተገናኙት ሲጣሉ ግን ጥፋቱ የደም ነው ተባለ።

አንዳንድ ሰው መንግሥት በረኀብ ጊዜ ከእያንዳንዱ ገበሬ ጋር ሸንጎ ሊቀመጥ አይችልም ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ በሚነድ ቤት ውስጥ ክርክር የለም። ነገር ግን ከ1977 ዓ.ም. እስከ ዛሬ አርባ ዓመት ያህል ነው፤ በአርባ ዓመት ውስጥ እሳት ያልነበረበት አንድ ቀን እንኳ አልነበረምን?

ከወለጋ ተፈናቅለው ከመጡት አንዳንዶቹ በደቡብ ወሎ፣ በዚያው በሐይቅ አገር፣ በተሁለደሬ ወረዳ በጃሪ መጠለያ ውስጥ ይገኛሉ። አያቶቻቸው ተጭነው ከወጡበት አገር ርቀው አይደሉም፤ ውጫሌም ይስማ ንጉሥም ከእነርሱ ሩቅ አይደለም። በእነርሱ ፈንታ ተመለሱ ወይም ቅሩ ብሎ ለመፍረድ ብዕር ያነሣ ባለሥልጣን ሁሉ፣ ከመፈረሙ በፊት ወደ ጃሪ ወርዶ፣ ከድንኳኑ ደጅ ተቀምጦ፣ ወዴት መኖር ትወዳላችሁ ብሎ ይጠይቃቸው፤ ተናግረው እስኪጨርሱም ይስማ።